ፃግብጂን እንዴት ትጽፏታላችሁ?

እስቲ ስልካችሁን አውጡና አንዲት ወረዳ ፈልጉ፤ ፃግብጂን። በዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር ውስጥ ያለች ወረዳ ናት። ሰቆጣን የሚያውቅ ሰው እሷንም ያውቃታል። ችግሩ የሚጀምረው ስሟን ስትጽፉ ነው። የመጀመሪያዋ ፊደል ፃ ናት ወይስ ጻ? መሐል ላይ ያለችው ብ ናት ወይስ ቭ? መጨረሻዋስ ጂ ነው ወይስ ጅ? ሁለት በሁለት በሁለት ስታባዙት ስምንት ይመጣል። አንዲት ወረዳ፣ ስምንት አጻጻፍ። ከስምንቱ ውስጥ ብዙዎቹን በዜናም በፌስቡክም በዐይኔ አይቻቸዋለሁ።

የብሔረሰብ አስተዳደሩ ስምም ከዚህ አያመልጥም። ዋግ ኽምራ፣ ዋግ ህምራ፣ ዋግ ሕምራ፣ አንዳንዴም ተያይዞ ዋግኽምራ ይባላል። ሰቆጣም ብትሆን በድሮ የፈረንጅ ካርታ ላይ «ሶኮታ» ሆና ነው የምትገኘው።

ይህን ያነሳሁት ለጨዋታ አይደለም። ሰሞኑን የትም ብንቀመጥ አንድ ወሬ አይጠፋም፦ «የዛሬ ልጅ መጻፍ አይችልም»፣ «ዲግሪ ይዞ ማመልከቻ መጻፍ ያቅተዋል»፣ «ቋንቋው ሞተ»። ከዚያ ማስረጃ ይቀርባል። ማስረጃው ብዙ ጊዜ አንድ ወጣት በሐመሩ ሐ መጻፍ የነበረበትን ቃል በሃሌታው ሀ ጽፎ መገኘቱ ነው። ልጁ ኮሜንት ላይ ይሰደባል፣ ስክሪንሾት ይነሣል፣ ይሳቅበታል፣ በቃ።

እኔ የምለው ሌላ ነው። ስሕተት ሁሉ እኩል አይደለም። የምንቆጣበት ስሕተት አንድ ነው፤ ሰው የሚጎዳው ስሕተት ሌላ ነው። ሁለቱን ሳንለይ ስንጮህ ደግሞ ትልቁ ችግር ከትንሹ ጀርባ ተደብቆ ያመልጠናል።

ሞክሼዎቹ

«ጽሑፍ» የሚለውን ቃል ውሰዱ። መነሻው በጽ ወይም በፅ ሊጻፍ ይችላል። መሐሉ ሑ፣ ሁ ወይም ኁ ሊሆን ይችላል። ስድስት አጻጻፍ ማለት ነው። «ስሕተት»ስ? ስ ወይም ሥ፤ ቀጥሎ ሕ፣ ህ ወይም ኅ። እሱም ስድስት። ጽሑፍም ስሕተትም በስድስት በስድስት መንገድ በሚጻፉበት ቋንቋ ተማሪውን ብቻ ለይቶ መቆጣት ፍርደ ገምድልነት ነው።

ነገሩ የመጣው ከግዕዝ ነው። በጥንቱ ግዕዝ ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ እና ብዙኃኑ ኀ ሦስት የተለያዩ ድምፆች ነበሩ። ንጉሡ ሠ ከእሳቱ ሰ፣ አልፋው አ ከዐይኑ ዐ፣ ጸሎቱ ጸ ከፀሐዩ ፀም እንዲሁ ይለያዩ ነበር። ትግርኛ ሐን እና ዐን ዛሬም ከጉሮሮ ለይቶ ይጠራቸዋል። አማርኛ ግን ድምፁን ትቶ ፊደሉን ወረሰ። ስለዚህ ስማቸው አንድ፣ መልካቸው ብዙ የሆኑ ፊደላት ቀሩን። «ሞክሼ ፊደላት» የምንላቸው እነዚህን ነው።

ሞክሼዎቹ ዝም ብለው ቦታ የሚይዙ አይደሉም። በግዕዝ ሠረቀ ማለት ወጣ ማለት ነው፤ ፀሐይ ስትወጣ ሠረቀት ይባላል። በእሳቱ ሰ ከጻፋችሁት ግን የሌባ ሥራ ነው። ሠዐለ ሥዕል መሣል ነው፤ ሰአለ ግን መለመን ነው። የቃሉን ዘር ማወቅ ለሚፈልግ ሰው ፊደሉ እንደ ዘር ሐረግ ያገለግላል። ይህን የሚያውቅ ሰው ቢያስተምረን ጥሩ ነው፤ እኔም በዚህ ጽሑፍ ውስጥ በተቻለኝ መጠን የቆየውን አጻጻፍ ይዣለሁ።

ግን «ድሮ ሁሉም አንድ ዓይነት ይጽፍ ነበር» የሚለው ወሬ እውነት አይደለም። ደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ዓ.ም. ያሳተሙትን ትልቅ መዝገበ ቃላት ርእስ ተመልከቱ፦ «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት»። «ዐዲስ» በዐይኑ ዐ ነው የተጻፈው። ምክንያታቸውም ግልጽ ነው፤ ቃሉ «ሐዲስ» ከሚለው ግዕዝ የመጣ ነው። በእሳቸው መንገድ ከሄድን ግን «አዲስ አበባ» የሚለው የከተማችን ስም በስሕተት ነው የሚጻፈው ማለት ነው። ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ የሚታተመው «አዲስ ዘመን» ጋዜጣም ከመጀመሪያ ፊደሉ ተሳስቷል ማለት ነው። ማንም ግን አዲስ አበባን «መሃይም» ብሎ አልሰደባትም።

ክርክሩም አዲስ አይደለም። ፊደል ይቀነስ የሚሉና አይነካ የሚሉ ሊቃውንት ለብዙ ዓመታት ሲከራከሩ ኖረዋል። የደስታ ተክለ ወልድ መምህር የነበሩት አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የፊደሉ ጠባቂ ነበሩ። በሌላ በኩል ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲያሳትሙ ሞክሼ ፊደላትን ቀንሰው ነው የጻፉት። በደርግ ዘመንም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ ሞክሼዎቹ እንዲቀነሱ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ሂሳቡ ቀላል ነው፤ 33 ፊደል በ7 ሲባዛ 231 ይሆናል። ሐ፣ ኀ፣ ሠ፣ ዐ እና ፀ ከእነ ቤተሰባቸው ቢወጡ 35 ይቀንስና 196 ይቀራል። ሆኖም ሁሉንም የሚያስማማ ውሳኔ አልተገኘም። ሊቃውንቱ ያልተስማሙበትን ነገር የ16 ዓመት ልጅ በቴሌግራም አልፈታውም ብሎ መሳቅ ምን የሚሉት ነው?

ስም ላይ ሲደርስ ግን

እዚህ ላይ «ታዲያ እንደፈለግን እንጻፍ» የምትሉ ካላችሁ ትንሽ ቆዩ። ሞክሼ ፊደል ለአንባቢ ሰው ችግር የለውም፤ ሰው አንብቦ ይረዳል። ማሽን ግን አይረዳም።

የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር ተሰጠው። ለጆሯችን ሰ እና ሠ አንድ ናቸው፤ ለስልካችሁ ግን እንደ ለ እና መ የተለያዩ ናቸው። «ዓለምፀሐይ» የሚለውን ስም ለምሳሌ እንውሰድ። መነሻው በአ፣ በኣ፣ በዐ ወይም በዓ ይጻፋል፤ አራት። ቀጥሎ ፀ ወይም ጸ፤ ሁለት። ከዚያ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ፤ ስድስት። ሲባዛ 48 ይመጣል። አንዲት ሴት፣ ለኮምፒውተር 48 ሰው። ይህ በእንግሊዝኛ ፊደል የሚጻፈውን ሳይጨምር ነው።

የማውቃት አንዲት ልጅ አለች። ተወልዳ ያደገችው ፃግብጂ ነው። በጦርነቱ ጊዜ ከአበርገሌና ከፃግብጂ ብዙ ሰው ሲፈናቀል እሷም ከቤተሰቧ ጋር ወደ ሰቆጣ መጣች። ይዘው የወጡት የለበሱትን ነው፤ ወረቀት ለማንሣት ጊዜ አልነበረም። ኋላ ላይ ሁሉም ሰነድ እንደገና ወጣ። የትምህርት ማስረጃዋ ላይ ስሟ በአንድ ዓይነት ተጻፈ፣ መታወቂያዋ ላይ በሌላ፣ የባንክ ደብተሯ ላይ ደግሞ በሦስተኛ። ሦስቱንም የጻፏቸው የተማሩ ሰዎች ናቸው። አንዳቸውም በራሳቸው አልተሳሳቱም።

ለሥራ ልትመዘገብ ስትሄድ «የሦስቱ ወረቀት ባለቤት አንድ ሰው መሆንሽን አረጋግጪ» ተባለች። ማረጋገጫ ለማምጣት ወደ ወረዳዋ መመለስ ነበረባት። ምስክር ቆጥራ፣ የትራንስፖርት ገንዘብ ተበድራ፣ ኀላፊው ስብሰባ ላይ ነው ተብላ ሁለት ቀን አድራ፣ ደብዳቤውን ይዛ ተመለሰች። ምዝገባው ተዘግቶ ነበር። ይባስ ብሎ ደብዳቤው ላይ የወረዳዋ ስም የተጻፈው መታወቂያዋ ላይ ካለው በተለየ ፊደል ነው።

እንግዲህ ይህች ልጅ የጎደላት ዕውቀት አይደለም። የጎደላት አንድ ወጥ አጻጻፍ ነው። የፋይዳ ምዝገባ ሲስፋፋ፣ ባንኩም ፈተናውም ከፋይዳ ጋር ሲገናኝ፣ ይህ ጉዳይ እየከበደ እንጂ እየቀለለ አይሄድም። ለስም ከሁሉ የተሻለው ፊደል የቱ ነው ብላችሁ ብትጠይቁኝ መልሴ አጭር ነው፦ ሁሉም ቦታ ላይ አንድ ዓይነት የሆነው።

አንዲት ፊደል ገንዘብ ስትነካ

አሁን ወደ ሌላው ዓይነት ስሕተት እንምጣ። በሞክሼ ፊደል ስንጨቃጨቅ የሚያመልጠን ይህ ነው።

አንድ ጓደኛችሁ «ብሩ ገባ» ብሎ ቴክስት አደረገ እንበል። ገብቷል እያላችሁ ነው ወይስ ገብቷል ወይ ብሎ እየጠየቃችሁ? በአማርኛ ጥያቄና መልስ የቃል ቅደም ተከተላቸው አንድ ሊሆን ይችላል። ፊት ለፊት ስናወራ ድምፃችን ይለየዋል። በጽሑፍ ግን ያንን ሥራ የምትሠራው ትንሿ የጥያቄ ምልክት ብቻ ናት። እሷን ስንተው «እህሉ ተከፋፈለ»፣ «ነገ ትመጣለህ»፣ «መድኃኒቱን ወሰደች» የሚሉት ሁሉ ሁለት ትርጉም ይዘው ይቀራሉ። ያለ ጥያቄ ምልክት በተላከ ሜሴጅ ዕቃ የተለቀቀበት ነጋዴ ብትጠይቁ ይነግራችኋል።

ሌላ ምሳሌ፦ «ገንዘቡን ሰጥቷት ሄድን» እና «ገንዘቡን ሰጥታት ሄድን»። በመጀመሪያው የሰጠው እሱ ነው፤ በሁለተኛው የሰጠችው እሷ ናት። ልዩነቱ ቷ እና ታ ብቻ ነው። ብዙ የስልክ ኪቦርዶች ላይ እንደ ቷ፣ ቋ፣ ጓ፣ ኋ፣ ሟ ያሉት ፊደላት ቁልፉን ተጭኖ በመቆየት ነው የሚገኙት። ስለምንቸኩል እንተዋቸዋለን። «ቋንቋ» «ቃንቃ» ይሆናል፣ «ጓደኛ» «ጋደኛ»፣ «በኋላ» «በሃላ»። «ቃንቃ» የሚለውን አንብበን እንረዳለን፣ ግድ የለም። «ሰጥታት» ግን ሌላ ሰው ላይ ዕዳ ይጭናል።

ሦስተኛው ረጅሙ ዐረፍተ ነገር ነው። «በወረዳው ያሉት ነዋሪዎች ውሃ ስለሌለ እየተቸገረ መሆኑን ገለጸ» የሚል ጽሑፍ አይታችሁ ታውቃላችሁ? የተቸገረው ማን ነው? የገለጸውስ? ጸሐፊው ብዙ ሰው ብሎ ጀምሮ በአንድ ሰው ጨረሰ። «በወረዳው ያሉ ነዋሪዎች ውሃ ባለመኖሩ እየተቸገሩ መሆናቸውን ገለጹ» ቢል ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ይይዛል። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ ዐረፍተ ነገሩ በረዘመ ቁጥር ባለቤቱ ይረሳል። መፍትሔው የተራቀቀ ሰዋስው አይደለም፤ አራት ነጥብ ነው። አንድ ሐሳብ ሲያልቅ ዝጉት፣ ሌላውን ጀምሩ።

አራት ነጥብ ካነሣን አይቀር፦ «።» ራሱን የቻለ አንድ ምልክት ነው። ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ (፡፡) ወይም ሁለት ጊዜ የእንግሊዝኛውን ኮለን (::) ደርድሮ መሥራት የተለመደ ሆኗል፤ የጋዜጦች ድረ ገጾችም ሳይቀሩ ያደርጉታል። ለዐይን ያው ነው፤ ለማሽን ግን ሌላ ነገር ነው።

ቀለል ያሉም አሉ። «መምህራኖች»፣ «ሕፃናቶች»፣ «መጻሕፍቶች»፣ «ቃላቶች» እንላለን። መምህራን ራሱ ብዙ ነው፤ «ኦች» ሲጨመርበት ብዙ ላይ ብዙ ይሆናል። መምህራን ወይም መምህሮች፣ ቃላት ወይም ቃሎች ብሎ አንዱን መምረጥ ነው። «ነው»ን «ነዉ»፣ «ሰው»ን «ሰዉ» ብሎ መጻፍም እንዲሁ። ሌላው «አልመጣሁም ምክንያቱም አመመኝ» የሚለው ነው። ስናወራ ያስኬዳል፤ ስንጽፍ ግን «ምክንያቱም» ብለን ከጀመርን «ስላመመኝ ነው» ብለን መዝጋት አለብን። እነዚህ ሰው አይጎዱም። ግን ማመልከቻ ላይ ሲታዩ አንባቢው «ይህ ሰው አልደከመበትም» ብሎ ያስባል። ልክ ይሁን አይሁን፣ ያስባል።

ቤት ውስጥ ሌላ ቋንቋ ሲነገር

በዋግ ጉዳዩ አንድ ተጨማሪ ነገር አለው። ብዙ ቤት ውስጥ የሚነገረው ኽምጣና ነው፤ ኽምጣኛም ይባላል። ከአገው ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ የአዊዎቹ አውንጂ፣ የኤርትራው ብሊን እና ቅማንትኛ ዘመዶቹ ናቸው። የአማርኛ የቅርብ ዘመድ ግን አይደለም፤ አማርኛ ሴማዊ ነው፣ ኽምጣና ኩሻዊ። በግዕዝ ፊደል ይጻፋል፣ አማርኛ ውስጥ የሌሉ ድምፆችም አሉት። በብሔረሰብ አስተዳደሩ በመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ይሰጣል።

ፃግብጂ በብ ይሁን በቭ፣ ኽምራ በኽ ይሁን በህ የሚለው ግራ መጋባት የቸልተኝነት ብቻ ላይሆን ይችላል። አንድ ቋንቋ የሚጠራውን ስም በሌላ ቋንቋ ልማድ ለመጻፍ ስንሞክር የሚፈጠር ነገር ነው። ቨ የሚለው ፊደል እኮ ወደ አማርኛ የገባው እንደ ቪላና ቫይረስ ላሉ የውጭ ቃላት ነው። የገዛ ሀገራችንን ወረዳ ስም ለመጻፍ ለፈረንጅ ቃል የተሠራ ፊደል መዋስ ትንሽ አያስገርምም?

እናም በኽምጣና አፉን የፈታ ልጅ አማርኛ ሲጽፍ ቢሳሳት ሁለተኛ ቋንቋውን እየጻፈ መሆኑን አንርሳ። እኛ እንግሊዝኛ ስንጽፍ የምንሳሳተውን ያህል እንኳ ብዙ ጊዜ አይሳሳትም። ለእንግሊዝኛችን ይቅርታ የምናደርግ ሰዎች ለእሱ አማርኛ ፊታችንን የምናጠቁረው ለምንድን ነው?

የሚያስፈራው ቁጥር

ታዲያ የትምህርቱ ደረጃ አልወደቀም ወይ? ወድቋል ብዬ ለመናገር አላመነታም፤ ማስረጃዬ ግን ሀ እና ሐ አይደለም።

በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎች በተደረገ የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች መካከል 34 ከመቶ የሚሆኑት ከቀረበላቸው አጭር ታሪክ አንድም ቃል ማንበብ አልቻሉም። ልብ በሉ፤ ተሳስተው አነበቡ አይደለም፣ አንድም ቃል አላነበቡም። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ግምት ደግሞ በኢትዮጵያ 10 ዓመት ገደማ ከሆናቸው ልጆች 90 ከመቶው ለዕድሜያቸው የሚመጥን ቀላል ጽሑፍ አንብበው አይረዱም።

ያ መሠረት የት እንደሚያደርስ 12ኛ ክፍል ላይ አየነው። 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 ከመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ከመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 ከመቶ ናቸው። ፈተናው የአማርኛ ፈተና አይደለም፣ አውቃለሁ፤ ምክንያቱም ብዙ ነው። ግን በየትኛውም ቋንቋ ይሁን፣ ጥያቄውን አንብቦ ያልተረዳ ልጅ መልሱን ከየት ያመጣዋል?

በዚህ ላይ ዋግን አስቡት። ጦርነት መጣ፣ ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ ሰው ተፈናቀለ። በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. ድርቁ ተከተለ። ድርቅ ሲመጣ ከብት ፍለጋና ውሃ ፍለጋ የሚሄደው ልጁ ነው፤ ደብተሩ ይቀመጣል። አንድ ልጅ ፊደል በሚቆጥርበት ዕድሜው ሁለት ዓመት ከትምህርት ቢርቅ ሲመለስ የሚቀመጠው 4ኛ ክፍል ነው፤ የሚያነበው ግን እንደ 1ኛ ክፍል ነው። መምህሩ 4ኛ ክፍልን ያስተምራል፣ ልጁ ይገለብጣል። ከሰሌዳ ወደ ደብተር መገልበጥ ይችላል። የገለበጠውን አንብብ ስትሉት ግን ዝም ይላል። እኔን የሚያስፈራኝ ይህ ዝምታ ነው።

ድሮስ?

«ድሮ እኮ» የሚሉ ታላላቆቻችን ያልተሳሳቱበት ነገር አለ። የቄስ ትምህርት ቤት ተማሪ ፊደል ይቆጥራል፣ ንባብ በየደረጃው ይወርዳል፣ ዳዊት ይደግማል። መምህሩ ፊቱ ተቀምጠው እያንዳንዷን ፊደል ይሰማሉ፤ ሳያነብ የሚያልፍ የለም። ከዚያ የወጣ ሰው አጻጻፉ የሚያኮራ ቢሆን አይገርምም።

ግን ስንት ሰው ነበር ያንን ዕድል ያገኘው? ከአብዮቱ በፊት ማንበብና መጻፍ የሚችለው ሕዝብ በጣም ጥቂት ነበር። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ1971 ዓ.ም. ሲጀመር አያቴ ስማቸውን መጻፍ ተማሩ፤ እስከዚያ ድረስ የሚያውቁት ፊርማ የጣት አሻራ ነበር። ዘመቻው እ.ኤ.አ. በ1980 የዩኔስኮ ሽልማት አገኘ፤ ትምህርቱም ወደ 15 ቋንቋዎች ደረሰ። ኽምጣና ግን ከ15ቱ ውስጥ አልነበረችም።

ስለዚህ ድሮ የሚጽፈው ጥቂት ነበር፣ የሚጽፈውም ተመርጦ ነው። ዛሬ የሚጽፈው ሁሉም ነው። እናንተ በአንድ ሳምንት ቴሌግራም ላይ የምትጽፉትን ያህል አያቴ በሕይወት ዘመናቸው አልጻፉም። ስሕተቱ የበዛው አንድም ስለዚህ ነው፤ የሚጽፍ ሲበዛ የሚሳሳትም ይበዛል። ይህ ብቻውን ውድቀት አይደለም። ውድቀቱ ብዙ እየጻፍን ትንሽ ማንበባችን ነው። አጻጻፍ ከስድብ አይገኝም፤ ብዙ ከማንበብ ነው የሚመጣው። «በኋላ»ን መቶ ጊዜ በትክክል ተጽፎ ያየ ዐይን «በሃላ»ን ሲያይ ራሱ ይቆረቁረዋል።

እኛስ ምን እናድርግ?

ትልቁን ሥራ የሚሠሩት ትምህርት ቤትና መንግሥት ናቸው፤ መጽሐፍ፣ መምህር፣ ሰላም። በእጃችን ያለው ግን ባዶ አይደለም።

አንደኛ፣ ዛሬ ማታ ወረቀቶቻችሁን አውጡ። የትምህርት ማስረጃ፣ መታወቂያ፣ የባንክ ደብተር። ስማችሁና የአባታችሁ ስም፣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም፣ ፊደል በፊደል አንድ ነው? ካልሆነ አሁኑኑ ማስተካከል ጀምሩ፤ የምዝገባ ቀን ደርሶ አይደለም። ትክክለኛውን አጻጻፍ ስልካችሁ ላይ ጽፋችሁ አስቀምጡና ቅጽ በሞላችሁ ቁጥር ከዚያ ገልብጡ። ሌላ ሰው ሲሞላላችሁም ማኅተም ከማረፉ በፊት አንብቡት።

ሁለተኛ፣ ገንዘብ፣ ቀጠሮ፣ መድኃኒት ወይም የሰው ስም ያለበትን ሜሴጅ ከመላካችሁ በፊት አንድ ጊዜ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡት። ጥያቄ ከሆነ የጥያቄ ምልክት አድርጉ። ማን ለማን እንደሰጠ ካልለየ ስሙን ጥሩት።

ሦስተኛ፣ ሰው ሲሳሳት አታሳፍሩት። በውስጥ መስመር ንገሩት። ፊት ለፊት የተሳቀበት ልጅ አጻጻፉን አያሻሽልም፤ መጻፉን ነው የሚተወው፣ ወይም ወደ እንግሊዝኛ ፊደል ይሸሻል።

አራተኛ፣ የወረዳና የቀበሌ ጸሐፊ የሆናችሁ ልጆች ካላችሁ፣ የአካባቢያችሁን ስም አንድ ዓይነት አድርጋችሁ ጻፉ። ፃግብጂ በፃ ከተባለ በማኅተሙም፣ በደብዳቤውም፣ በፌስቡክ ገጹም በፃ ይሁን። በጀት አይጠይቅም፤ አንድ ስብሰባ ይበቃዋል።

የመጨረሻው ከሁሉ ይበልጣል። ቤታችሁ ውስጥ ወይም ጎረቤት አንድ የ2ኛ ወይም የ3ኛ ክፍል ልጅ አለ። ዛሬ «ምን ተማርክ?» አትበሉት። ያልገለበጠውን፣ ከዚህ በፊት ያላየውን አንድ አጭር ጽሑፍ ስጡትና «እስቲ አንብብልኝ» በሉት። በኽምጣናም ይሁን በአማርኛ። ካነበበ አመስግኑትና ሌላ ስጡት። ዝም ካለ አትቆጡት፤ አጠገቡ ተቀመጡና ከፊደሉ ጀምሩ። በቀን አሥራ አምስት ደቂቃ ይበቃል፤ ቲክቶክ ላይ ከምናጠፋው ጊዜ ብትቀንሱለት አይጎዳችሁም። ልጁ ማንበብ ከቻለ በሐመሩ ሐ ይጻፍ በሃሌታው ሀ የሚለውን ራሱ ይደርስበታል።